ሁለት አፍ ያለው አንድ ምስክር

መርካቶ፣ ጭድ ተራ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ነፋሱ ግን ገለባና አቧራ እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይሞጅራል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ያሉት ጎረቤቴ ቅመም ሻጯ ሐመልማልና ለንግድ ሻርጃ የሚመላለሰውና ደብዳቤውን ይዞልህ የሚመጣው ሙህዲን ናቸው። ሙህዲን ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። በረራው የነገ፣ ጥድፊያው የዛሬ ነው።

ለወንድሜ ለኢርፋን፣

በሰው አገር ከክፉ የሚጠብቅህ አላህ ይህን ወረቀት በጤናህና በሰላምህ ላይ ያድርሰው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምናልባት ረስተኸኝ ይሆናል። ረሂማ ነኝ፤ አያትህና አያቴ ወንድማማች ነበሩ። ቡታጅራ በምታስተምርበት ዘመን ለዒድ መጥቼ ቤታችሁ አድሬያለሁ። አንተ የተማሪ ፈተና ታርም ነበር፤ እኔ ከኋላህ ቆሜ ቀዩን እስክሪብቶ አይ ነበር።

በስልክ ያልጠየቅሁህ ስልክ አጥቼ አይደለም። የምጠይቅህ ነገር በአፍ ሲነገር ይበላሻል። ሙህዲን በእሱ ስልክ ድምፅሽን ልላክልሽ ብሎኝ ሞክረን ነበር፤ እኔው ተናግሬ እኔው መልሼ ስሰማው አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ጆንያ መጠገን ነው። የጅምላ ነጋዴው ጋሼ ኢስሀቅ የተቀደዱ ጆንያዎቹን ከቀትር በኋላ ይልክልኛል፤ ማታ መኪናው ሳይጫን ሰፍቼ አስረክበዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁትም ቁጥር የለመድኩትም ከወረቀት ቁራጭ ነው። ሐመልማል ቅመም የምትጠቀልልበትን አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ ትገዛለች፤ ስትቀድ ቁጥር የበዛበት ገጽ ካጋጠማት ለእኔ ትወረውርልኛለች። ክፍልፋይን እንዲህ ተማርኩ፤ መቶኛንም እንዲህ ተማርኩ። ግን ሁሉም ወይ ራስ የለው ወይ እግር የለው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦

ኤክስ + ዋይ = 10
ኤክስ − ዋይ = 4

«ኤክስና ዋይን ፈልግ። ከመጀመሪያው እኩልታ ኤክስ = 10 − ዋይ የሚለውን እናገኛለን። ይህንንም በ...» ይልና ተቀዷል። በምን? ወዴት? ሐመልማልን ብጠይቃት ሌላውን ግማሽ ጥቁር አዝሙድ ጠቅልላ አሁን ለሄደው ሰውዬ ሸጣዋለች። መርፌዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሲኒማ ራስ ታክሲ ሊሳፈር ሲል ደረስኩበት።

«ወንድሜ፣ ወረቀቱን ስጠኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«አዝሙዱ ያለበትን።»

«አዝሙዱንስ በአፌ ልያዘው?»

ፌስታል ልግዛልህ እያልኩ ስለማመጠው ረዳቱ «እናት፣ ወይ ግቢ ወይ ልቀቂው!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰውየው ገባ፤ ታክሲው ሄደ። ሐመልማል ይኸው እስከ ዛሬ መሳቂያ አድርጋኛለች። «ሴት ሁሉ ባል ታሯሩጣለች፤ አንቺ አዝሙድ!» ትለኛለች። አሁንም ይህን ስጽፍ እየሳቀች ነው።

በራሴ ሞከርኩ። ኤክስ በነበረበት ቦታ 10 − ዋይ ብዬ አስገባሁ። 10 − ዋይ + ዋይ = 10 ሆነ። ዋይ ከዋይ ተጣፋና 10 = 10 ወጣልኝ። ስህተት የለውም። ግን ምንም አልነገረኝም። እዚያው ላይ ቆሜያለሁ።

ለምን አስፈለገሽ ትለኝ ይሆናል። ሠፈራችን ውስጥ የማታ ትምህርት ቤት አለ። መምህሩ አቶ ይገረም እንደነገረኝ፣ ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ጳጉሜ ላይ ተፈትኖ ካለፈ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። ካላለፈ በቀን ከሕፃናት ጋር ከታች ይጀምር ነው የሚሉት፤ የእኔ ቀን ደግሞ የጆንያ ነው። ስለዚህ ለእኔ ያለው በር ይህ አንዱ ነው። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ሆኗል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ትምህርት አንድ ጊዜ ማግኘት እፈልጋለሁ።

የተቀደደውን ግማሽ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም እንድትልክልኝ አልጠይቅህም።

እህትህ ረሂማ


ሻርጃ
በእናንተ አቆጣጠር መጋቢት መጀመሪያ ይመስለኛል

ለተከበሩ እትዬ ረሂማ፣

የረመዳኑ በረከት በቤትዎና በእጅዎ ሥራ ላይ ይውረድ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልረሳሁዎትም። ፈተና ሳርም ከኋላዬ ቆመው «ይህን ልጅ ለምን ዜሮ ሰጠኸው? ግማሹን እኮ ሠርቷል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ነጥቡን አስተካክዬለት ነበር።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ማስተማር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሂሳብ እኔን የት አደረሰኝና ነው እርስዎ በዚህ ዕድሜ የሚደክሙት? ይህን ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን ያ 10 = 10 ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

አያቴ ኑሪ ሽማግሌ ሆነው ሲዳኙ ያስታውሳሉ። አንድ ጊዜ የድንበር ጠብ መጣና ከሳሹ ሁለት ምስክር አቆመ። አያቴ ሁለተኛውን «አንተ ራስህ አይተሃል?» ሲሉት «እሱ ነግሮኝ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን ምስክር አሳየ። አያቴም «ይህማ ሁለት ምስክር አይደለም፤ ሁለት አፍ ያለው አንድ ምስክር ነው። ሂድና ሌላ አምጣ» ብለው መለሱት።

እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኤክስ ማለት 10 − ዋይ መሆኑን የነገረዎት የመጀመሪያው እኩልታ ነው። የራሱን ቃል መልሰው ለራሱ ቢነግሩት «አዎ፣ ያልኩት ልክ ነው» ከማለት በቀር ምን ይላል? ቃሉን ይያዙና ምንም ወዳልሰማው ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። የተቀደደው መስመር «ይህንንም በሁለተኛው እኩልታ ውስጥ እንተካለን» የሚል ነው። ዘዴው የመተካት ዘዴ ይባላል። መልሱን አልነግርዎትም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ካልፈለጉ ይተዉት። አንዲት ነጋዴ ብርቱካንና ማንጎ በጠቅላላው 20 ፍሬ ሸጠች። ብርቱካኑ የማንጎው ሦስት እጥፍ ነው። ስንት ስንት ሸጠች?

እኔ ደህና ነኝ። የመጋዘን ኃላፊ ነኝ፤ ሥራው ጥሩ ነው፤ ቢሮው ማቀዝቀዣ አለው። ለእናቴ ለሐዋ ሲደውሉ ደህና ነው ይበሉልኝ።

አክባሪ ወንድምዎ ኢርፋን


መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ጆንያዎቼን ላስቲክ አልብሻለሁ። ዛሬ አጠገቤ ሰው የለም፤ ሐመልማል ሕማማት ስለገባ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቅመሟንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ገዥ ሲመጣ እጽፍ የነበረውን አቆማለሁ፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢቆራረጥ አትፍረድብኝ።

ለወንድሜ ለኢርፋን፣

የጾምከውን አላህ ይቀበልህ፤ ከርሞም ከወገን መሐል ያስፈጥርህ።

ሁለተኛው ምስክር ተናገረ። 10 − ዋይ − ዋይ = 4። ሁለት ዋይ ከአሥር ወጥቶ አራት ከቀረ፣ ሁለቱ ዋይ 6 ነው፤ አንዱ 3። እንግዲያው ኤክስ 7። ሰባትና ሦስት ደመርኳቸው፤ ቀነስኳቸው። ልክ ነው። ኢርፋን፣ ተነስቼ ቆምኩ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ተሸካሚ «ምን ጠፋብሽ እናቴ?» አለኝ። «ተገኘ» አልኩት። እሱም ለጠፋ ዕቃ መስሎት «አልሐምዱሊላህ» አለልኝ።

የማንጎውና የብርቱካኑ ግን አስቸግሮኛል። ማንጎውን «ማ» አልኩት። ብርቱካኑ ሦስት ማ ነው። ግን ይህን ያህል ብርቱካን የገዛ ሰው «መርቂልኝ» ሳይል አይሄድም፤ ነጋዴዋም አንድ ሳትጨምርለት አትሸኘውም። ስለዚህ ብርቱካኑን ሦስት ማ እና አንድ የምርቃት አደረግሁት። ከማንጎው ጋር 20 ሲሆን፣ አራት ማ = 19 ወጣ። አንዱ ማ አራት ከሦስት ሩብ! ማንጎ ከፍሎ የሚሸጥ መርካቶ ውስጥ አላውቅም። ነጋዴዋ የት አገር ናት?

እናትህን በስልክ አገኘኋት። ደህና ነው ያልከኝን ነገርኳት። «ደህናማ ከሆነ ለምን መልኩን አያሳየኝም? ካሜራው ተበላሽቷል ይለኛል፤ ከረመዳን በፊት ጀምሮ ካሜራ አይጠገንም እንዴ እዚያ አገር?» አለችኝ። 

አሁን ገዥ መጣ፤ ኮረሪማ ፈላጊ ነው።

እህትህ ረሂማ


ሻርጃ
ግንቦት፣ ቀኑን እንጃ

ለተከበሩ እትዬ ረሂማ፣

ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስዎ፤ እጅዎን መርፌ አይውጋው።

ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር። ነጋዴዋ የየትም አገር አይደለችም፤ ለጥያቄው ብቻ የተፈጠረች ናት፤ ለማንም መርቃ አታውቅም። እኩልታ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እርስዎ ከልማድ ያመጡት አንድ ብርቱካን ማንጎውን ቆራረጠብዎት። ምርቃቱን ያውጡትና እንደገና ይሥሩት። ፈተና ላይ የተጻፈውን ብቻ ይያዙ፤ ያልተጻፈውን አይጨምሩ።

ከዚህ በኋላ ሙህዲን ወደ መጋዘኑ አይምጣ። ደብዳቤውን ከአውቶቡሱ ማቆሚያ አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ለሚሠራው ለፈርሀት ይስጥልኝ፤ ያገሬ ልጅ ነው። ሥራ ስለበዛብኝ ነው። እናቴን ካሜራው በቅርቡ ይሠራል ይበሏት።

ኢርፋን


መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዝናቡ ሌት ተቀን አላባራ ብሏል። ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ከነገለባው በራችን ላይ ያልፋል። ሐመልማል ብርድ ልብስ ተከናንባ እዚህ ናት፤ ሙህዲንም አለ፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም። ለምን እንደሆነ ታነባለህ።

ለወንድሜ ለኢርፋን፣

ዒዱን በሰላም አሳልፈህ እንደሆነ ተስፋዬ ነው፤ አላህ ያለህበትን ያቅልልህ። ሰኔ መጀመሪያ የላክሁት ደብዳቤ መልስ አልመጣበትም። ማንጎው 5፣ ብርቱካኑ 15 መሆኑን ጽፌልህ ነበር። ከዚያም ሁለት ጥያቄ ከሐመልማል ቁራጭ አግኝቼ ሠርቻለሁ።

ያልተጻፈውን አትጨምሪ ብለኸኛል። ለፈተናው እሺ። ለሰው ግን አይሆንልኝም። አንተን ስለ አንተ ብጠይቅህ ደህና ነኝ ትለኛለህ፤ መልሼ ብጠይቅህም ደህና ነኝ ነው፤ ያው 10 = 10 ነው። አንተው ነህ ሌላ ምስክር አምጪ ያልከኝ። ሙህዲንን ያዝኩት።

«ኢርፋን የት ነው የሚሠራው?»

«መጋዘን ነው የሚሠራው አላለሽም?»

«እሱ ያለውንማ ሰማሁ። አንተ ያየኸውን ነው የምጠይቅህ።»

«እትዬ፣ አደራ ብሎኛል ወላሂ።»

ሐመልማል ከወዲያ ሆና «ሙህዲን፣ ይቺን ሴትዮ አታውቃትም፤ በአዝሙድ ወረቀት ሲኒማ ራስ ድረስ የሮጠች ናት። ተናገርና እረፍ» አለችው።

መጋዘኑ ከረመዳን በፊት መዘጋቱን ነገረኝ። አንተ በፀሐይ መኪና እንደምታጥብ ነገረኝ። ጥፋቱ የሙህዲን አይደለም፤ አትቆጣው።

አላዘንኩብህም፤ አልታዘብኩህምም። መኪና ማጠብ ሥራ ነው፤ እኔም የሌላ ሰው ጆንያ ነው የምሰፋው። ለእናትህ አልነገርኩም፤ የአንተ ወሬ ነው፤ አንተው ትነግራታለህ። ነገር ግን ይህን ማወቅ አለብህ፦ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ ብለህ የጻፍክልኝ ቀን የአያትህንም ምስክሮች ጽፈህልኛል። እኔ የያዝኩት የምስክሮቹን ነው። አስተማሪ ነህ።

ፈተናው ቀርቧል። አቶ ይገረም ቀኑን ጳጉሜ 3 አድርጎታል። በኤክስና በዋይ ፊት ቁጥር ሲጨመርበት፣ ሁለት ኤክስ ሦስት ዋይ ሲል፣ መንገዱ ይጠፋብኛል። ያንን አስተምረኝ። ዝም ካልከኝም እገባለሁ፤ ግን ዝም አትበለኝ።

እህትህ ረሂማ


ሻርጃ
ነሐሴ አጋማሽ

ለተከበሩ እትዬ ረሂማ፣

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ልብዎንም እንዲሁ ጽኑ ያድርገው።

ደብዳቤዎን ፈርሀት ሻይ ቤት አንብቤ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀንም አነበብኩት። በሦስተኛው ቀን ለእናቴ ደወልኩና ካሜራውን ከፈትኩት፤ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር፣ ቱታዬ እንደረጠበ። አየችኝና «ከስተሃል» አለች። መኪና እንደማጥብ ነገርኳት። «ባርኔጣ አድርግ» አለችኝ። ይኸው አድርጌያለሁ።

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት የመኪና ሳሙና በመጣበት ካርቶን ላይ ነው፤ ወረቀት ስላጣሁ አይደለም፤ ሰፊ ሆኖ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ይመስላል። ከጀርባው ያሉት ጥያቄዎች ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ ናቸው። በተራ ይሥሯቸው፤ አይዝለሉ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ቁጥር የሌለበትን ኤክስ ወይም ዋይ ይፈልጉ፤ እሱን ማውጣት ይቀላል። ያወጡትን ወደ ሌላኛው ይውሰዱ።

ሲጨርሱ አንድ ነገር አይርሱ። ብዙ ተማሪ በዚህ ይወድቅብኝ ነበር። መልሱን ሲያረጋግጡ፣ ኤክስን ባወጡበት እኩልታ አያረጋግጡ፤ እሱ ሁልጊዜም ልክ ነሽ ይልዎታል። በሌላኛው ይሞክሩት። የሚገሥጽዎ እሱ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አለቃዬ መጥቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ሂሳብ» አልኩት። «የማን?» አለ። «የተማሪዬ» አልኩት።

የማታው ትምህርት ቤት ስንት የሂሳብ መምህር አለው? እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።

አክባሪ ወንድምዎ ኢርፋን


መርካቶ፣ ጭድ ተራ
ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት ጉም ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥታለች፤ ጭቃው ግን ገና ነው። ሐመልማል አጠገቤ ናት፤ ለዓመት በዓል ቅመም የሚገዛው ሰው ስለበዛባት በአንድ እጇ እየመዘነች በሌላው ትጎነትለኛለች፤ «ስለ እኔም ጻፊለት» ትላለች። ጽፌልሻለሁ።

ለወንድሜ ለኢርፋን፣

አዲሱ ዓመት የደከምክበትን የሚክስ፣ መንገድህንም የሚከፍት ይሁንልህ።

ትናንት ተፈተንኩ። በካርቶኑ ጀርባ ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ጨርሼ ነበር የሄድኩት። አብዛኞቹ ተፈታኞች ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። አንዷ ገና ስገባ ተነስታ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ መምህርት መስያት ነው። አማርኛውንና አካባቢ ሳይንሱን ሠራሁ። ከዚያ ሂሳቡ መጣ።

አንደኛው የአባትና የልጅ ዕድሜ ነበር። ድምሩ 50፤ አባት ልጁን በ26 ይበልጣል። ምርቃት አልጨመርኩም። አባትየው ዕድሜውን ደብቆ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አባረርኩት። ልጁ 12፣ አባቱ 38።

ሁለተኛው እንዲህ ነበር፦

2ኤክስ + 3ዋይ = 16
ኤክስ − ዋይ = 3

ከታችኛው ኤክስን አወጣሁ፤ ዋይ + 3 ነው። ወደ ላይኛው ወሰድኩት። 2ዋይ + 3 + 3ዋይ = 16 ብዬ ጻፍኩ። አምስት ዋይ 13 ሆነ፤ ዋይ 2.6፣ ኤክስ 5.6። አላማረኝም፤ ግን የተሳሳትኩበትን ማየት አልቻልኩም። በታችኛው አረጋገጥኩት፤ 5.6 ሲቀነስ 2.6 ሦስት ነው። ልክ ነሽ አለኝ። ወረቀቱን ልሰጥ ተነሳሁ።

ኢርፋን፣ ከወንበሩ ተነስቼ ነበር። አቶ ይገረምም እጁን ዘርግቶ ነበር። ያኔ ኤክስን ያወጣሁት ከታችኛው መሆኑ ትዝ አለኝ። «ይቅርታ፣ አልጨረስኩም» ብዬ ተቀመጥኩ። በላይኛው ሞከርኩት። ሁለት ጊዜ 5.6፣ ሦስት ጊዜ 2.6፣ ድምሩ 19። አሥራ ስድስት ነው የሚፈልገው።  ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በጣቴ ሄድኩበት። ኤክስ ሁለት ጊዜ ነው የተባለው፤ ኤክስ ደግሞ ዋይም ሦስትም ነው። እኔ ዋይዋን ብቻ ሁለት ጊዜ አድርጌ ሦስቷን አንድ ጊዜ ትቻታለሁ። ሁለት ጆንያ ሙሉ ተብሎ አንዱን ከነዕቃው፣ ሌላውን ግማሹን አራግፌ እንደማስረከብ ነው። ቅንፍ አበጀሁላቸው። 2ዋይ + 6 + 3ዋይ = 16። ዋይ 2፣ ኤክስ 5። በላይኛው ሞከርኩ፤ አሥርና ስድስት፣ 16።

ሦስተኛው «ግራፉን ሳል» የሚል ነበር። ባዶውን ሰጠሁት።

አቶ ይገረም እዚያው አረመ። እንደ አንተ ቀይ እስክሪብቶ አለው።

«ግራፉን ለምን አልሞከርሽም?»

«ገጹ አልደረሰኝም» አልኩት።

«የምን ገጽ?»

አላስረዳሁትም፤ ረጅም ነው። እንደገና ወረቀቱን አየና «ዘጠነኛ ክፍል ትገቢያለሽ። ግራፉን እዚያ ታገኚዋለሽ። መስከረም ውስጥ ነው የምንጀምረው፤ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። አርፍዶ መግባት የለም» አለኝ።

ለጠየቅኸው፣ የሂሳብ መምህሩ እሱ ብቻ ነው። ከክፍል ክፍል እየሮጠ ነው የሚያስተምረው። እንዲሁ ነው የነገርኩህ።

አሁን የቀረኝ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ነገር ነበር። ያ ሰዓት የጋሼ ኢስሀቅ መኪና የሚጫንበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዒድ በቀር አንድም ቀን በዚያ ሰዓት ከቦታዬ ጠፍቼ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ልንገርህና ላብቃ።

ሱብሒን ሰገድኩ። ሻይ በዳቦ ቀመስኩ። ወደ ሥራ ቦታዬ ሳልሄድ ቀጥታ ወደ ጋሼ ኢስሀቅ ሄድኩ። መደብሩን ገና መክፈቱ ነበር፤ የበሩን ብረት እየገፋ አገኘሁት።

«ጋሼ ኢስሀቅ፣ ከመስከረም ጀምሮ ከአሥር ሰዓት በኋላ ጆንያ አልሰፋም።»

«ምነው? አመመሽ?»

«ልማር ነው። ዘጠነኛ ክፍል።»

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የምር አስቆት ነው። «ረሂማ፣ አንቺን ተምረሽ ማን ሊቀጥርሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ የዛሬውን ጆንያ ነገ ጠዋት ይስጡኝ። ቀን ሰፍቼ መኪናው ሳይመጣ ይደርሳል። አንድ ቀን ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ነው።»

«ዕቃው የሚራገፈው በቀትር ነው፣ ጆንያው የሚቀደደው በቀትር ነው፣ ማታ ደግሞ ይፈለጋል! ሌላ ሰፊ አላጣም እኮ።»

«አያጡም» አልኩት።

ቆምኩ። እሱም ቆመ። ተሸካሚዎቹ ሊጀምሩ መጥተው ከኋላዬ ተሰለፉ። ጋሼ ኢስሀቅ ከበሩ ወዲያ ወዲህ አየ። የትናንት ቅዳጆች ደፉ ላይ ተከምረው ነበር። ጎንበስ ብዬ አሰርኳቸው፤ ጀርባዬ ላይ አደረግኳቸው።

«እኔ እሺ አላልኩም!» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩና ሄድኩ።

ቦታዬ ደርሼ አወረድኳቸው። ላስቲኩን ገለጥኩ፤ ዱካዬን አውጥቼ ተቀመጥኩበት። ክሩን በመርፌው አስገባሁ። ከላይ ያለውን ጆንያ አንስቼ ቅዳጁን አገናኘሁና መስፋት ጀመርኩ።

እህትህ ረሂማ